የሰሜን ሌሊት ሰማይ በካሜራ፦ መቼ፣ ከየት እና እንዴት?

ክረምቱ አልፎ ደመናው ሲገፈፍ ከመቀሌ ወጣ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚታየው የሌሊት ሰማይ ለአካባቢው ነዋሪ የዘወትር ነገር ነው። አርሶ አደሩ አውድማ ሲጠብቅ ያየዋል፤ ለማሕሌት የሚነሱ ካህናት ከሥሩ ያልፋሉ፤ ገስግሦ ገበያ የሚሄድ ነጋዴም መንገዱን በእርሱ ይለካል። ለሌላው ዓለም ግን ይህ ሰማይ ብርቅ እየሆነ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የተደረገ የሰው ሠራሽ ብርሃን የዓለም ካርታ እንዳመለከተው፣ ከዓለም ሕዝብ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚኖረው በመብራት በተበከለ ሰማይ ሥር ነው። ከዓለም ሕዝብ ሲሶ ያህሉ ደግሞ ከሚኖርበት ሥፍራ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት አይችልም።

ፍኖተ ሐሊብ ወይም ሚልኪ ዌይ ፀሐይና መሬት የሚገኙበት የከዋክብት ክምችት ሲሆን፣ በጨለማ ሌሊት ሰማዩን አቋርጦ እንደተዘረጋ ነጣ ያለ ጭስ ሆኖ ይታያል። ይህን ለማየትና በፎቶ ለማስቀረት ሲሉ ረጅም ርቀት የሚጓዙ ሰዎች ቁጥር ጥቂት አይደለም። በናሚቢያ የሚገኘው ናሚብራንድ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ዕውቅና ያገኘው፣ ጨለማውን እንደ ዱር እንስሳቱ ሁሉ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት አድርጎ በመያዙ ነው።

ለትግራይ ገጠር ይህ ጉዳይ ከኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። ቀን መጥቶ ቀን የሚመለስ ጎብኚ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ይሄዳል። ከዋክብትን ለማንሳት የሚመጣ ግን ማደሩ ግድ ነው፤ እራትና መኝታ፣ መንገድ መሪና ጠባቂ ይፈልጋል። ከዚህም ባሻገር ሥራው ውድ መሣሪያ ያላቸው እንግዶች ብቻ የሚሠሩት አይደለም። የሌሊት ማንሻ ያለው የእጅ ስልክ የያዘ የመቀሌ ወጣትም ሆነ የገርዓልታ አርሶ አደር ልጅ ሊሠራው ይችላል። ለዚህ ዋናው ስንቅ ወቅትን፣ ጨረቃንና ሥፍራን ማወቅ ነው።

ሰሜኑ ለምን ይመቻል?

የመጀመሪያው ምክንያት አካባቢው ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ነው። መቀሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ13 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚህ ሥፍራ ሲታይ እጅግ ደማቅ የሆነው የፍኖተ ሐሊብ መካከለኛ ክፍል በደቡብ ሰማይ ከአድማስ 47 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ይህም ከአድማስ እስከ አናት ያለው ርቀት ከግማሽ በላይ ነው። በለንደን ያለ ፎቶ አንሺ ይህንኑ ክፍል ከአድማስ በ10 ዲግሪ ገደማ ብቻ፣ ያውም በጭጋግና በመብራት ውስጥ ያየዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሰሜኑንና ደቡቡን ሰማይ በአንድ ሌሊት ማየት መቻሉ ነው። በግንቦት ወር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ደመና ከሌለ በስተደቡብ ዝቅ ብሎ የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ከዋክብት ቆመው ይታያሉ። ፊትን ወደ ሰሜን ሲመልሱ ደግሞ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። አውሮፓ ያለ ሰው የደቡብ መስቀልን አያይም፤ ደቡብ አፍሪካ ያለ ሰው ደግሞ የሰሜን ኮከብን አያይም።

ሦስተኛው የአየሩ ጥራት ነው። ደጋው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ ኮከብ የሚታይበት አየር ስስ ነው። የክረምቱ ዝናብ አቧራውን አጥቦ ሲያበቃ በተለይም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያሉት ሌሊቶች ጥርት ይላሉ። በጋው እየገፋ ሲሄድ ነፋስ የሚያነሳው አቧራ ስለሚጨምር በአድማስ ዙሪያ ያሉ ከዋክብት ይደበዝዛሉ።

ሰማይን መመልከት ለአካባቢው አዲስ ነገር አለመሆኑም መታወስ ይኖርበታል። የአክሱም ነገሥታት ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት ባሠሯቸው ሳንቲሞች ላይ የክብና የግማሽ ጨረቃ ምልክት ይታያል፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ዘመን ምልክቱን መስቀል ተክቶታል። ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት አካሄድ ሰፊ ክፍል ያለው መጽሐፈ ሄኖክም ሙሉ በሙሉ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ቋንቋ ነው።

በየትኛው ወር ምን ይታያል?

የፍኖተ ሐሊብን መካከለኛ ክፍል ማንሳት የፈለገ ሰው ወራቱን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። በየካቲት አጋማሽ ይህ ክፍል በስተደቡብ ምሥራቅ የሚወጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ጎሕ እስኪቀድ ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በየወሩ በሁለት ሰዓት እየቀደመ ይወጣል፤ በመጋቢት አጋማሽ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ በሚያዝያ ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ በግንቦት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚታይባቸው ሰኔና ሐምሌ ግን የክረምት ደመና የሚሸፍናቸው ናቸው።

ደመናው ሲገፈፍ አጭር ዕድል ይመለሳል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ሰማዩ ከጨለመበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ምሽቱ ሦስት ተኩል ገደማ ያው ክፍል በደቡብ ምዕራብ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያል። አየሩ የጠራ፣ ሜዳው አረንጓዴ፣ የአደይ አበባው ገና ያልረገፈ በመሆኑ ብዙ ፎቶ አንሺዎች የሚመርጡት ጊዜ ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሰማይ ደግሞ የኦሪዮን ነው። በአንድ መሥመር የተሰለፉት ሦስቱ የኦሪዮን መታጠቂያ ከዋክብት በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ሌሊት ላይ አናት አጠገብ ይደርሳሉ። ሰባቱ ከዋክብት በመባል የሚታወቀው ዘለላም ከእነርሱ ቀድሞ ይወጣል። በየዓመቱ በታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት ገደማ ደግሞ ጀሚኒድስ የሚባለው የተወርዋሪ ከዋክብት ዝናብ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል። ጨረቃ በሌለችበት ፍጹም ጨለማ ሥፍራ በሰዓት ከመቶ በላይ ተወርዋሪ ኮከብ ሊታይ ይችላል። በውጭው ዓለም ዝነኛ የሆነው የነሐሴ 6 እና 7 ፐርሴይድስ ግን በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙውን ጊዜ በደመና ይሸፈናል።

ጨረቃን መቁጠር

ጀማሪ ፎቶ አንሺ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ከዋክብትን ለማንሳት በመውጣት ነው። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥታ ፀሐይ ስትወጣ ስለምትጠልቅ ሌሊቱን በሙሉ ሰማዩን ታነጣዋለች። በአማካይ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ትወጣለች፤ ከአንዱ ሙሉ ጨረቃ እስከ ሌላው 29 ቀን ተኩል ይፈጃል።

ይህን ለማወቅ የግድ ኢንተርኔት አያስፈልግም። በሂጅራ አቆጣጠር ወሩ የሚጀምረው ቀጭን ጨረቃ ስትታይ በመሆኑ የወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ቀናት ጨለማ፣ 14ኛውና 15ኛው ሌሊት ደግሞ ብርሃን ናቸው። በባሕረ ሐሳብ የሰለጠኑ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም የጨረቃን ዕድሜ አስልተው መናገር ይችላሉ። በየመስጊዱና በየደብሩ ያለው ይህ ዕውቀት ለፎቶ አንሺው ነጻ የቀን መቁጠሪያ ነው።

ጨረቃ ግን ሁልጊዜ ጠላት አይደለችም። በመጀመሪያው ሩብ ላይ ያለች ጨረቃ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ቆይታ ስትጠልቅ ገደላገደሉን፣ እርከኑንና የቤቱን ጣሪያ በለስላሳ ብርሃን ታሳያለች። ስለዚህ መልክዓ ምድሩን ከምሽቱ በጨረቃ ብርሃን፣ ከዋክብቱን ደግሞ ጨረቃዋ ከጠለቀች በኋላ ማንሳት ይቻላል። የጨረቃ ግርዶሽም ያለ ምንም የዓይን መከላከያ የሚታይና የሚነሳ ክስተት ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ የታየው ሙሉ ግርዶሽ ጨረቃን ለ82 ደቂቃ ያህል ደብዛዛ ቀይ አድርጓት ቆይቷል።

መሣሪያው

በሌሊት ፎቶ ውስጥ ከካሜራው በፊት የሚቀድመው የካሜራው አለመነቃነቅ ነው። ብርሃን ጥቂት በመሆኑ ካሜራው ለብዙ ሰከንድ ክፍት ሆኖ ብርሃን ይሰበስባል፤ በዚያ መሐል ትንሽ ንቅናቄ ከተፈጠረ ምስሉ ይበላሻል። ለዚህም ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ በተለምዶ ትራይፖድ የሚባለው፣ ያስፈልጋል። ትራይፖድ የሌለው ሰው ትንሽ ከረጢት በሽምብራ ወይም በአሸዋ ሞልቶ ድንጋይ ላይ በማኖር ካሜራውን ወይም ስልኩን በላዩ ላይ ማስደገፍ ይችላል። ከረጢቱ የካሜራውን ቅርጽ ስለሚይዝ በነፋስ ጊዜ ከደካማ ትራይፖድ ይሻላል።

የእጅ ስልክን በተመለከተ፣ ብዙ ዘመናዊ ስልኮች የሌሊት ማንሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጉግል ፒክስል 4 ስልክ እስከ አራት ደቂቃ የሚደርስ ጊዜ ወስዶ በርካታ ምስሎችን በማዋሐድ ከዋክብትን የሚያነሳበት ዘዴ ይዞ መጥቷል። ሌሎች ስልኮችም "ፕሮ" በሚለው ክፍላቸው ሰከንዱን በእጅ ለማስተካከል ይፈቅዳሉ። ስልኩን በጣት መንካት ራሱ ስለሚያነቃንቀው ከሦስት እስከ አሥር ሰከንድ የሚቆጥረውን ሰዓት ቆጣሪ መጠቀም ይገባል።

ትርፍ ባትሪ መያዝም ግድ ነው። በደጋ ብርድ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፉን በልብስ ውስጥ፣ ከገላ አስጠግቶ መያዝ ዕድሜውን ያራዝመዋል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ሌሊቶች ጤዛ የሌንሱን ፊት ስለሚያደበዝዝ ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ያስፈልጋል።

ማስተካከያው

ሌንሱ ሊለወጥ የሚችል ካሜራ ያለው ሰው ከጨረቃ ነጻ በሆነ ሌሊት በሚከተለው መጀመር ይችላል፦ የሌንሱ ቀዳዳ እስከሚችለው ድረስ ይከፈታል፣ ለምሳሌ ኤፍ 2.8፤ አይ.ኤስ.ኦ. 3200 ይሆናል፤ ጊዜው 20 ሰከንድ ይሆናል። ከዚያ ውጤቱን አይቶ መጨመር ወይም መቀነስ ነው።

ጊዜውን እንዳሻ ማርዘም አይቻልም። መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትሽከረከር ካሜራው ብዙ ሲከፈት ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ሰረዝ ይሆናል። ለዚህ በፎቶ አንሺዎች ዘንድ የተለመደው ስሌት 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ማካፈል ነው። ባለ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ 20 ሰከንድ ያህል፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ 10 ሰከንድ ይፈቀድለታል። የካሜራው ሴንሰር አነስተኛ ከሆነ የሌንሱን ርዝመት አስቀድሞ በ1.5 ማባዛት ያስፈልጋል። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእንዲህ ያለ ካሜራ ላይ 18 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ካሜራ በጨለማ ራሱ አነጣጥሮ ምስሉን ማጥራት አይችልም። ስለዚህ ማነጣጠሪያው በእጅ ይደረግና አንድ ደማቅ ኮከብ በስክሪኑ ላይ አጉልቶ በማየት፣ ኮከቡ ከሁሉ ያነሰ ነጥብ እስኪሆን ቀለበቱ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ካሜራው የሚፈቅድ ከሆነ ምስሉን ባልተጨመቀው "ሮው" በሚባለው ዓይነት ማስቀመጥ በኋላ ለማስተካከል ይረዳል።

በሙሉ ጨረቃ መልክዓ ምድር ለማንሳት ኤፍ 4፣ አይ.ኤስ.ኦ. 800 እና 15 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ጨረቃዋን ራሷን ለማንሳት ግን በተቃራኒው እጅግ አጭር ጊዜ ያስፈልጋል። የጨረቃ ፊት ፀሐይ የመታው ድንጋይ በመሆኑ ኤፍ 8፣ አይ.ኤስ.ኦ. 100 እና የሰከንድ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ይበቃል። ጨረቃን ነጭ ክብ ብቻ አድርገው ያነሱ ሰዎች ስሕተታቸው ጊዜውን ማብዛታቸው ነው።

የከዋክብትን ዙረት እንደ ክር ማሳየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ካሜራውን ሳያነቃንቅ ባለ 30 ሰከንድ ምስሎችን አከታትሎ ለአንድ ሰዓት ያህል ያነሳና በኮምፒውተር ያዋሕዳቸዋል። የሰሜን ኮከብ በመቀሌ ከአድማስ 13 ዲግሪ ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ክንድ ተዘርግቶ የሚለካ አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል በመሆኑ ከአንድ ጭብጥ ጥቂት ይበልጣል። በመሆኑም በሰሜን በኩል ያለው ክር ከተራራ ጀርባ እንደሚወጣ ቅስት ሆኖ ይታያል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ካሜራ ደግሞ ወደ ላይ ቀጥ ብለው የሚወጡ መሥመሮችን ይይዛል። ሰማዩን አስቀድሞ ለማጥናት ስቴላሪየም የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያገለግላል።

ከየት ይነሳል?

የቦታ ምርጫ የመጀመሪያው ሕግ ከተማውን ከጀርባ ማድረግ ነው። ደማቁ የፍኖተ ሐሊብ ክፍል በደቡብ በኩል ስለሚታይ፣ ከመቀሌ በስተሰሜን ቅርብ ሥፍራ የቆመ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ወደ ደቡብ ሲያዞር የከተማዋን የብርሃን ጉልላት ያነሳል። ስለዚህ ከመቀሌ የሚነሳ ሰው በማይጨው መንገድ ወደ ደቡብ መውጣቱ ይመረጣል። በዚሁ አቅጣጫ 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 84 ተርባይኖቹን ዘርግቶ ይታያል። ራቅ ብሎ አምባ አላጀ፣ ከዚያም አልፎ በኮረም አቅራቢያ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የሐሸንጌ ሐይቅ ይገኛል። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ሐይቁ ከዋክብቱን እንደ መስተዋት መልሶ ስለሚያሳይ አንዱን ሰማይ ሁለት ጊዜ ለማንሳት ያስችላል።

በሰሜን በኩል ደግሞ ገርዓልታ አለ። ከሐውዜን ዙሪያ የተሰለፉት ቀያይ የአሸዋ ድንጋይ ዐምዶች ከመቀሌ በቂ ርቀት ስላላቸው የከተማዋ ብርሃን ብዙም አይነካቸውም። ከዓለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ ሰንሰለት ውስጥ ናቸው። ነገር ግን እንደ አቡነ የማታ ጉሕ ያሉት በገደል ላይ የሚወጡ በመሆናቸው በሌሊት ሊሞከሩ አይገባም፤ ዐምዶቹ ከታች፣ ከሜዳው ሲነሱ ነው ግዝፈታቸው የሚታየው።

ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ተጓዥ ኤርታ አሌን ያገኛል። 613 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ እሳተ ገሞራ በሌሊት የሚጎበኝ ነው፤ የቀለጠው ዓለት ብርሃን የሚጎላው በጨለማ ነውና። በጥር 2009 ዓ.ም. ከጎኑ ተሰንጥቆ ቅልጥ ዓለቱ በሰፊው እንደፈሰሰ ይታወሳል። የእሳተ ገሞራው ጠባይ ስለሚለዋወጥ ያለ አካባቢው መሪና ያለ ወቅታዊ መረጃ ወደ አፋፉ መቅረብ ለሕይወት ያሰጋል።

ሩቅ መሄድ ላልቻለ ሰው ደግሞ በዓላቱ አሉ። በመስከረም 16 እና 17 የደመራና የችቦ እሳት፣ በጥር 10 ሌሊት በየጥምቀተ ባሕሩ የሚበራው ሻማ ለሌሊት ፎቶ የተዘጋጀ ብርሃን ነው። ችቦ ይዘው የሚዞሩ ሰዎችን ለአራት ወይም ለአምስት ሰከንድ ያነሳ ካሜራ የእሳቱን መንገድ እንደ ክር ያስቀራል። ጸሎት በሚደረግበት ሥፍራ ግን ብልጭታ መጠቀም ነውር መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ጥንቃቄና ፈቃድ

ሌሊት ሜዳ የሚወጣ ሰው ቀን መጥቶ ሥፍራውን ሊያጠና ይገባል። ይህ ምክር በትግራይ ከሌላው አካባቢ የበለጠ ክብደት አለው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት ባለፈባቸው ሥፍራዎች ያልፈነዱ ተተኳሾች በማሳና በዱር ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ከሚታወቅ የእግር መንገድ መውጣት፣ በምሽግ አካባቢ መቆም፣ እንግዳ ብረት መንካት ፈጽሞ አይገባም። የትኛው መሬት እንደታረሰና የትኛው እንዳልተነካ የሚያውቀው የአካባቢው አርሶ አደር ነው፤ መጠየቅ ያለበትም እርሱ ነው።

ጅብ በመቀሌና በአካባቢዋ ከሰው ጋር ተጎራብቶ የሚኖር አውሬ ነው። ብቻን አለመውጣት፣ ሥጋ ይዞ አለመሄድ፣ መሬት ላይ አለመተኛት አስፈላጊ ነው። በመኸር ወቅት ደግሞ እህሉን አውድማ ላይ የሚጠብቅ ገበሬ በሌሊት የሚንቀሳቀስ መብራት ሲያይ ሌባ መስሎት ሊነሳ ይችላል። ቀን ሄዶ ራስን ማስተዋወቅና የመጡበትን ጉዳይ ማስረዳት፣ ሌሊትም ከሩቅ ድምፅ ማሰማት ከጠብ ያድናል።

የጦር ሠፈር፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኃይል ማመንጫና መሰል ተቋማትን ያለ ፈቃድ ማንሳት አይቻልም፤ ድሮን ለማብረርም ፈቃድ ግድ ነው። ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶችና ለአክሱም ሐውልቶች ከሚመለከተው አስተዳደር፣ ለግል ማሳና ግቢ ደግሞ ከባለቤቱ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሥፍራው ላይ የእጅ ባትሪን በቀይ ፌስታል መሸፈን ይጠቅማል። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል፤ ነጭ መብራት በአንድ ብልጭታ ይህን ሁሉ ያጠፋዋል፣ ቀይ ብርሃን ግን ያን ያህል አይጎዳውም።

ጨለማውን የሚያጠፋው መብራት

በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተተከሉት ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች የሰሜኑ ከተሞች ሊማሩበት የሚገባ ታሪክ አላቸው። ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር በመሆናቸው የከተማዋ መብራት ሰማያቸውን ያነጣዋል። በዚህም ምክንያት የተሻለ ሰማይ ፍለጋ በላሊበላ አካባቢ በሚገኙ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ጥናት ሲደረግ ቆይቷል።

መብራት ራሱ ክፉ አይደለም። ለመንገድ ደኅንነት፣ ለተማሪና ለነጋዴ ያስፈልጋል። ጉዳቱ የሚመጣው ወደ ሰማይ ሲበራ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣ ብርሃን ማንንም ሳይጠቅም የሚከፈልበት ኃይል ነውና። መብራቱን ከላይ በቆርቆሮ ጋርዶ ወደ መሬት ብቻ እንዲያበራ ማድረግ፣ ደማቅ ነጩን ትቶ ቢጫ ቀለም ያለውን አምፖል መምረጥ፣ ሥራ ሲያበቃ ማጥፋት ወጪን ይቀንሳል፤ ሰማዩንም ይጠብቃል።

ለአርሶ አደሩ ሌላም ምክንያት አለ። ሌሊቱ ሲረዝም የሚያብቡ ሰብሎች የቀንና የሌሊቱን ርዝመት የሚለኩት በጨለማው ነው። አኩሪ አተር በመንገድ መብራት አጠገብ ሲበቅል አበባው እንደሚዘገይና ከሌላው ማሳ ቀርቶ አረንጓዴ እንደሚቆይ በምርምር ተረጋግጧል። ማሽላም ለሌሊት ርዝመት ስሜት ያለው ሰብል ነው። የሌሊት ነፍሳትም ወደ መብራት ይሳባሉ፤ የተባይ ቁጥርን ለመከታተል የብርሃን ወጥመድ የሚዘጋጀው በዚሁ ጠባያቸው ምክንያት ነው። ስለዚህ በማሳ ዳር የሚተከል መብራት የት እንደሚያበራ መጠየቅ የሰብሉም ጉዳይ ነው።

ፎቶው እውነት ይሁን

ለሌሊት ፎቶ ማስተካከያ መሥራት የተለመደ ነው፤ ካሜራ በጨለማ የሚሰበስበውን ብርሃን ሰው በዓይኑ በዚያ መጠን አያየውምና። ይሁን እንጂ የአንዱን አገር ሰማይ ቆርጦ በገርዓልታ ዐምድ ላይ መለጠፍ፣ ወይም ሙሉ ጨረቃን ከፍኖተ ሐሊብ ጋር በአንድ ላይ ማሳየት ተመልካችን ማሳሳት ነው። ሁለት ምስሎች ተዋሕደው ከሆነ ከፎቶው ሥር መግለጽ ይገባል። ተታልሎ የመጣ እንግዳ ዳግመኛ አይመለስም፤ ለጎረቤቱም አይነግርም።

የሰሜን ሰማይ ገና የሚታይ ሰማይ ነው። ከመቀሌ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ መብራቱን አጥፍቶ ግማሽ ሰዓት የታገሠ ሰው ያገኘዋል። ቀበሌዎችና ማዘጋጃ ቤቶች አዲስ የመንገድ መብራት ሲተክሉ ወደ ምድር የሚያበራውን ከመረጡ፣ የገጠሩ ነዋሪም ጨለማውን እንደ ድህነት ምልክት ሳይሆን እንደ ሀብት ካየው፣ ዛሬ በስልክ የሚነሳው ፍኖተ ሐሊብ ነገም ከዚያው ሜዳ ይነሳል።